ውራጅ ዕቃ ምን አይቶ ይሆን?
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከፍ ያለ መስሎ አይታይ ይሆናል። በዚህ መድረክ ስለ ሕግ፣ ስለ ሀገር ልማትና ስለ ፍልስፍና የተናገሩ አሉ፤ እኔ የምናገረው ግን ስለ ተጣለ ዕቃ ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ሰው የማያውቅ በመካከላችን የለም። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ ቶሎ ቶሎ ሲጠራ እየተኮማተረ የመጣ ነው ይባላል። ይህ ሰው የተቀደደ ማንቆርቆሪያ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ ይገዛል። እኛም ዋጋ ተከራክረን፣ ገንዘባችንን ተቀብለን፣ በራችንን እንዘጋለን። ዕቃው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በማን እጅ እንደነበረ የሚጠይቅ የለም፤ ከእኛ በኋላ ምን እንደሚሆንም እንዲሁ።

የሚሆነውን ለማወቅ መርካቶ ወርዶ ምናለሽ ተራን ማየት ይበቃል። እዚያ የነዳጅ በርሜል ተቀድዶና ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም የበር ቆርቆሮ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተሸልቶ በረባሶ ይሆናል። ቦታው ራሱስ ቢሆን ውራጅ አይደለምን? የከተማው ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወደ መርካቶ ያዛወረው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ የፋሺስት አስተዳደር ነው። ዓላማውም ነጩን ከአገሬው ሰው ለይቶ ማኖር ነበር። ወራሪው ሄደ፤ ለመለያየት የተሠራውን ገበያ ግን ሕዝቡ ሁሉን ማገናኛ አደረገው። መዶሻው በሚጮህበት በዚያ ሰፈር ቆሞ ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው፤ ጆሮ የሚያደነቁር ስለሆነ አይፈረድበትም።

ከዚያ ተራ የሚወጣውን አንድ ዕቃ ብቻ እንመልከት። በዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ኩራዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ከዚያም በኋላ ከአሜሪካ የመጣው የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ተሥለውበት ነበር፤ በእንግሊዝኛም «አይሸጥም፣ አይለወጥም» የሚል ተጽፎበት ነበር። ዘይቱ ተበላ። ቆርቆሮው ግን ተሸጠ፣ ተለወጠ፣ ተቀጠቀጠ፣ እንደገና ተሸጠ። ኩራዙን ገልበጥ ብታደርጉት ከጽሑፉ ግማሽ ቃል፣ ከእጆቹም ሁለት ጣት ሊቀር ይችላል። በዚያ ብርሃን ትምህርቱን ያጠና ልጅ ነበረ ብል ማንም ውሸታም አይለኝም፤ ስሙ እገሌ ነበር፣ ኋላም ሐኪም ሆነ ብል ግን ተረት ፈጠርሁ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሐሳቤን ግልጥ ላድርግ። ያረጀ ዕቃ ያለፈበትን ሕይወት በሐሳብ መሣል ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ አልስማማም፤ ነገር ግን ሐሳቡ በዕቃው ላይ ካለ ምልክት ሊነሣና ምልክቱ ባለቀበት ሊቆም ይገባዋል። ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎቻችንን ተመልከቱ። እነርሱ ዘንድ ከአፄ ምኒልክ ግቢ ያልወጣ መቅረዝ፣ ከራስ እገሌ ያልተወረሰ ጦር የለም። ይህ የዕቃውን ሕይወት ማሰብ አይደለም፤ ለዕቃው የተከበረ ዘመድ መፈለግ ነው። ማንቆርቆሪያውን ሃምሳ ዓመት ያጠበችውና ያፈላችበት ሴት በዚህ ተረት ውስጥ ስፍራ አታገኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ንጉሡማ ታሪክ ጸሐፊ ነበራቸው፤ እርሷ የነበራት ማንቆርቆሪያው ብቻ ነው። በጀርባው ላይ ጥቀርሻ አለ፤ የእጀታው ቀለም በአንድ በኩል ተልጧል፤ ክዳኑ በሽቦ ታስሯል። ሽቦውን ያሠረ ሰው አዲስ መግዛት አልቻለም፣ ወይም ያንን መጣል አልፈለገም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሽቦው አይናገርም።

ምልክትም ቢሆን ይዋሻል። ለዚህ ከማርያ ቴሬዛ ብር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ብዙዎቻችን በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ አይተነዋል፤ አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ቀለበት የተበየደበትም አለ። በላዩ ላይ የተቀረጸው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ጠርዙ ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ተጽፎአል። እንግዲህ ይህን የያዘ ሰው «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ብር አለኝ» ቢል ዓመቱን አንብቦ ነውና ምን ይባላል?

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በእኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ሕዝብ ያመነው ያንን መልክና ያንን ዓመት ብቻ ስለነበረ፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ዓመት ምልክት እየተመታ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1935 የሙሶሊኒ መንግሥት መምቻውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ማተም ጀመረ። ለምን ይመስላችኋል? በኢትዮጵያ ላይ ላሰበው ጦርነት በአገሩ ሰው ዘንድ የታመነ ገንዘብ ስላስፈለገው ነው። በማግሥቱ ዓመት እንግሊዞችም ለንግዳቸው በለንደን መምታት ጀመሩ። ስለዚህ በአያታችሁ ሣጥን ያለው «የ1780» ብር ከቪየና በግመል ጀርባ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከወራሪው ጦር ጋር በመርከብ ገብቶ ለበቅሎ ኪራይ፣ ለእህል፣ ወይም ለአንድ ባላባት ልብ መግዣ የተከፈለ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች በንስሩ ጅራት ላባና በሌሎች ጥቃቅን ምልክቶች ይለዩታል። እኛ ግን ማተቡ ላይ ያለውን ብር «ከአያቶቻችን የቆየ» ብለን እንስማለን።

ከሐምሌ 1937 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ የማርያ ቴሬዛ ዘመን አከተመ። ያም ሆኖ ብሩ ሥራ አልፈታም። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል፣ አልቦና የጆሮ ጌጥ አደረገው። ዛሬ አንዲት እናት ከአንገታቸው የማያወልቁት መስቀል በአንድ ወቅት ጦርነት የተከፈለበት ገንዘብ ነበር እንበል። ሲቀልጥ ፍትሑም፣ ምሕረቱም፣ ሐሰተኛው ዓመትም አብሮ ጠፍቷል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል ወይስ ያሳዝነኛል? አንዳንዴ ይህ፣ አንዳንዴ ያ።

የብራና መጻሕፍቶቻችንም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። የተፋቀው ስፍራ ሻክሮ በጣት ይታወቃል። አንዱ ሸጦ፣ ወይም ሞቶ፣ ወይም ተዘርፎ መጽሐፉ እጅ ለውጧል። የቀድሞውን ስም ለማንበብ ዓይናቸውን የሚያደክሙ ሊቃውንት አሉ፤ ማንም ግን ሥራ ፈቶች አይላቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ልመለስ። በአንድ ክፍል መጋዘን ውስጥ በክብደት እንዲሸጡ ከአሮጌ ወንበር እግርና ከመስኮት ፍሬም ጋር የተከመሩ ሦስት የአማርኛ የጽሕፈት መኪናዎች አሉ። ወጣቶቹ ተማሪዎች ምናልባት አይተዋቸው አያውቁም። የአማርኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ስለሆነ በአንድ መኪና ቁልፎች ሁሉን ማስፈር አይቻልም ነበር። በዚህ ነገር ቀድመው ከደከሙት ሰዎች አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በእነዚህ መኪናዎች መጀመሪያ ግዕዙ ይመታል፤ ከዚያ ካዕብና ሣልስ የሚያደርገው ጭረት ይጨመርበታል። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ደብዳቤ ፊደሉ ዱላ ተመርኩዞ የቆመ ሽማግሌ የሚመስለው።

ከሦስቱ በአንደኛው ፊደሎች ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ ሰም አለ። ይህን ጽሑፍ በስቴንስል የሚያዘጋጁልን ጓደኞቻችን ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። በስቴንስል ላይ ሲመታ ሪባኑ ይነሣል፤ ፊደሉ ሰሙን ይቈርጣል፤ ሰሙም በፊደሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ይህ መኪና የሚበዛ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር። ምን ዓይነት ወረቀት? የፈተና ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ የሚቀርበውም እርሱ ነው። ነገር ግን ተማሪው በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው፣ በ1966ቱ አብዮትም ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ያቀባበለው በዚህ ከተማ ነው። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የቤት ለቤት አሰሳም ከጠመንጃ ጋር የጽሕፈትና የማባዣ መኪና ይፈለግ ነበር። እንዲህ ያለ ብረት በቤቱ በመገኘቱ ሕይወቱን ያጣ ሰው አለ። የእኛው መኪና ከእነዚያ አንዱ ነው አላልሁም፤ ሰሙ ይህን አይናገርም። ሊናገሩ የሚችሉት በእርሱ ላይ የሠሩ ጸሐፊዎች ናቸው፤ እነርሱም ጡረታ ወጥተዋል፣ ከእነርሱም በሕይወት ያሉት በየዓመቱ ይቀንሳሉ።

ስለዚህ የማኅበሩን ሥራ አስፈጻሚዎች የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ሽያጩ ይቅር አልልም፤ መጋዘኑ ጠባብ ነው፣ ብረትም ብረት ነው። ነገር ግን ከመመዘኑ በፊት የእያንዳንዱ መኪና ቁጥር ይመዝገብ፤ በአንድ ወረቀት ላይ ፊደሎቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ይመቱ። እያንዳንዱ መኪና የራሱ የተሸረፈ ፊደል አለውና፣ አንድ ቀን አሮጌ ወረቀት ቢገኝ የማን ልጅ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። ክፍሉም የቀድሞ ጸሐፊዎቹን ስም ይስጠን። ከእነርሱ አንዲቱ እናት እንኳ ፈቃዳቸው ሆኖ ቢያነጋግሩን፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ይዘው እንደሚጠብቁን ነግረውኛል። ሪባን የሚያገኝ ሰው ካለ ይዞ ይምጣ፤ በመኪናዎቹ ላይ ያሉት ደርቀዋል።