ሣቁ በማን ላይ ይወድቃል?



ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ በቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም የምትባል የደጋ ከተማ አለች። ከዙሪያዋ ገጠር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጣው የገበሬ ልጅ ከባልንጀሮቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ በሶውንና ሽሮውን ከእናቱ ቤት ተሸክሞ፣ እሑድ ማታ እግሩ አቧራ ለብሶ ይገባል። የዚህ ልጅ ኑሮ ለኮሜዲ የተመቸ ነው። መጽሐፍ ሲያነብ ሽሮው ያርርበታል፤ የሚወዳት ልጅ ሰላም ስትለው አንደበቱ ይተሳሰራል። ይህ እንደሚያስቅ አያጠራጥርም። ጥያቄው ግን ሣቁ ልጁንም ያስቀዋል ወይስ አንገቱን ያስደፋዋል? የሚለው ነው።

ደራሲ መንግሥቱ ለማ በ1957 ዓ.ም. በወጣው «ያላቻ ጋብቻ» ይህን ጥያቄ በሚገባ መልሰውታል። በውጭ አገር የተማረው ባሕሩ የከተማውን ምቾት ትቶ ገጠር ይገባል፤ በዚያም ያስተምራል፤ የቤቱን ሠራተኛ ይወዳል። አክስቱ ይህን ሲሰሙ ጉድ ፈላ ይላሉ። ተመልካቹ ከልቡ ይሥቃል፤ ነገር ግን የሚሥቀው በድኻይቱ ልጅ አይደለም፤ ሰውን በዘሩና በሀብቱ በሚመዝነው ትዕቢት ነው እንጂ። ቁም ነገሩ ከቀልዱ ኋላ እንደ ስብከት የተቀጠለ ሳይሆን ቀልዱ ራሱ የተሸከመው ነው።

ይህ ሚዛን በሌላም አገር ሥራ ይታያል። አሜሪካዊው ጆን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሲክስቲን ካንድልስ» የተባለ የወጣቶች ፊልም ሠርቶ ነበር። ቤተ ሰቡ በታላቅ እኅቷ ሠርግ ተጠምዶ የሳማንታን 16ኛ ዓመት የልደት ቀን ይረሳል። በዚህ ስንሥቅ ቆይተን፣ አባቷ በሌሊት ከአጠገቧ ተቀምጦ ይቅርታ ሲጠይቃት ሣቃችን ጸጥ ይላል። አባት ለልጁ አንደበቱን ዝቅ ሲያደርግ ያላዘነ ማን ነው? ሆኖም በዚያው ፊልም ከእስያ የመጣ አንድ እንግዳ ተማሪ አለ፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ለማላገጫ ደወል ይመታበታል። ፊልሙ ለሳማንታ ያሳየውን ርኅራኄ ለእንግዳው ነፍጎታልና እስከ ዛሬ ድረስ ይነቀፍበታል።

እንግዲህ ወደ ደጋችን እንመለስ። የተማሪዎች የቴአትር ክበብ ጨዋታ ሲያሳይ፣ የፊተኛው ወንበር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ነው። በመድረክ ላይ ያሉት ልጆች ዓይናቸው ወደ እናንተ ነው፤ የሣቃችሁበትንም በሚመጣው ጊዜ ይደግሙታል። የባላገሩ ልጅ አነጋገርና የተጣፈ ልብሱ መሣለቂያ ሲሆን በሣቅ ከፈነዳችሁ፣ ከኋላ ቆሞ የሚያየው ያ ስንቅ ተሸካሚ ተማሪ ትምህርት ቤቱ የእርሱ እንዳልሆነ ይገባዋል። ምናልባትም ሰኞ ጧት ወንበሩ ባዶ ይሆናል። የመኳንንቱ ኩራት፣ የባለ ሥልጣኑ መንጠባረር፣ የእኛ የራሳችንም ግብዝነት ሲቀለድበት ግን ሳትቆጥቡ ሣቁ! ያን ጊዜ ልጁም አብሯችሁ ይሥቃል።