ከመጠጥ ባርነት ለመውጣት ጓደኛ ስለ መፈለግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በጌታችን ዘመን 38 ዓመት የታመመ አንድ ሰው በመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ እንደ ነበረ ከወንጌል ሰምታችኋል። ጌታችን መዳንን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ ያ ሰው ስለ ደዌው ጽናት አልተናገረም፤ ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደው ረዳት እንዳጣ ነው የገለጸው። ውሃው በፊቱ ነበረ፤ የጐደለው ሰው ነበረ። ዛሬም በመጠጥ የታሰሩ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች በዚያ አልጋ ላይ ተኝተዋል።

ይህን ነገር እኛ ራሳችን የተማርነው ዘግይተን ነው። ከንስሐ ልጆቻችን አንዱ ብዙ ዘመን በአረቄ የተያዘ ነበር፤ ታሪኩን ለሌሎች ትምህርት እንድንናገር እርሱ ራሱ ፈቅዶልናል። ሁዳዴን 55 ቀን ምንም መጠጥ ሳይቀምስ ጾመ፤ በፋሲካ ዕለት ግን ዘመድ ቤት ገብቶ «ለበዓሉ አንዲት ብቻ» ቢሉት ቀመሰ፤ በዚያው ወደቀ። ወደ እኛ በመጣ ጊዜ ስግደት ጨመርንለት፤ ዳግመኛ ሲወድቅም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ አፍሮ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ፣ «አባቴ፣ ያዘዙኝን ሰግጃለሁ፤ ማታ ማታ ጥሙ ሲመጣብኝ ግን ብቻዬን ነበርሁ» አለን። ስሕተቱ የቀኖናው አልነበረም፤ የእኛ ነበር። መድኃኒቱን አሸክመን ሰውየውን ብቻውን ሰደድነው።

እንግዲህ ጓደኛ ከወዴት ይገኛል? እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ ነጋዴ ለሥራ ወደ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ወደ አክረን ከተማ ሄዶ ነበር። መጠጥ ከተወ ገና ጥቂት ወራት ሆኖታል። ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀርቶ በሆቴሉ አዳራሽ ተክዞ ሲቆም፣ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ፣ በሌላው ወገን ስልክ ነበረ። ወደ ስልኩ ሄዶ ከአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አንድ የሃይማኖት አገልጋይ መርጦ ደወለ። የለመነው ገንዘብ አልነበረም፤ እንደ እርሱ በመጠጥ ከሚሠቃይ ሌላ ሰው ጋር እንዲያገናኙት ነበር እንጂ። በዚህም መንገድ ቦብ ስሚዝ የተባለውን ሐኪም አገኘ። ሐኪሙ በዚያው ዓመት ሰኔ 3 ቀን የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፤ ከዚያም እስኪሞት ድረስ 15 ዓመት ያህል አልቀመሰም። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር ያን ቀን የልደቱ ቀን አድርጎ ይቈጥረዋል።

ይህ ማኅበር ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ይገኛል። መዋጮ አያስገድድም፤ ለመግባት የሚፈለገው መጠጥን የመተው ፈቃድ ብቻ ነው። የአባት ስም አይጠየቅም፤ የተሰማው ነገር ከዚያ አይወጣም። አዲስ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ቢያዳምጥ የሚነቅፈው የለም። ለዘላለም እተዋለሁ ብሎ ከመማል ይልቅ ለዛሬ ብቻ መተውን ይማራል፤ ቀድሞ የተወ ሰውም ይመራዋል። ለቤተሰብ ደግሞ አል-አነን የሚባል ሌላ ማኅበር አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ልጆቻችን በከተማችሁ ያለውን የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት በስልክ ብትጠይቁ የስብሰባውን ቦታና ሰዓት ይነግሯችኋል። የመጀመሪያው ስብሰባ ባይስማማችሁ ሌላውን ሞክሩ። ማኅበሩ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ሃይማኖታችሁን ለውጡም አይላችሁም። ንስሐችሁና ቅዱስ ቍርባናችሁ ግን ከእናት ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ነውና አትራቁ።

በአገራችን ያላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በሌሎችም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይገኛል። ለብዙ ዓመት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ አእምሮው ይታወካል፣ ሊጥለውና ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ጠበል መጠመቅና ሐኪም ማየት አይጣሉም፤ ሁለቱም የአንዱ አምላክ ስጦታ ናቸው። ከሐኪሙ በኋላ የሚሰበሰቡበት ስፍራ ባታገኙ አትዘኑ፤ በአክረን የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነበርና።

እኛም ያን የንስሐ ልጃችንን ወደ ሐኪም ይዘነው ሄድን። ቀጥሎም ከአጥቢያችን ሁለት ሌሎች ሰዎችን፣ ፈቃዳቸውን እየጠየቅን፣ አገናኘናቸው። በየሳምንቱ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ይቀመጣሉ። እኛ በሩን ከፍተንላቸው እንወጣለን፤ የሚነጋገሩትን እርስ በርሳቸው ያውቁታልና። ከሦስቱ አንዱ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሁለቱ ግን ቤቱ ድረስ ሄደው አምጥተውታል። ያ ልጃችንም ዛሬ ቀኑን አንድ አንድ እያለ ይቈጥራል።

ምእመናን ሆይ፤ ለባለ ማኅበሮችና ለባለ ዝክሮችም የምንለው አለን። እንግዳ «በቃኝ» ሲል አታስገድዱት። ከጠላው አጠገብ ውሃ ወይም ያልፈላ ብርዝ ይቅረብ። የአንዲት ብርሌ ግብዣ የ55 ቀን ድካም ስታፈርስ አይተናልና።

በቅፍርናሆም አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ሕዝቡ መንገድ ቢዘጋባቸው ጣራ አፍርሰው ወደ ጌታችን አወረዱት። ጌታችንም የተሸካሚዎቹን እምነት ተመለከተ። በየቤታችሁ የተኛውን ሰው ታውቁታላችሁ። የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዙ፤ ሌሎቹን ጫፎች የሚይዙትን ደግሞ ፈልጉ።

አምላካችን የታሰሩትን ይፍታ፣ የወደቁትን ያንሣ፤ ለእኛም የሚሸከም ትከሻ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።