በገናና መምህሩ
(ለመስቀል በዓል አረቅጥ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ፊት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መሣሪያና ስለ አንድ መምህር ነው። እኛ ለመስቀል ወደ አረቅጥ ስንገባ የምናውቀው ዜማ ጭብጨባና የብዙ ሰው ድምፅ ነው። በገና ግን የሚደረደረው ለብቻ ነው፤ ደርዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለራሱና ለፈጣሪው ይናገራል። ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ በዐቢይ ጾም ይሰማል።

በገና ዐሥር አውታር አለው፤ አውታሩም ከበግ አንጀት ይፈተላል። ሁሉም ግን አይመታም፤ ለጣት ማረፊያ የሚሆኑም አሉ። ያ የምታውቁት የሚነዝር ድምፅ የሚወጣው ከአውታሩ ብቻ አይደለም። በአውታሩና በተደገፈበት እንጨት መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ አውታሩ እየተርገበገበ ሲነካው ድምፁ ይነዝራል። እንዚራው ከቦታው ጥቂት ፈቀቅ ካለ ድምፁ ይሞታል። ይህን ደግሞ ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ በጆሮው ይለየዋል እንጂ ከመጽሐፍ አያገኘውም።

አቶ ዓለሙ አጋም የተማሩት እንዲሁ ነው። እንጦጦ ተወልደው ገና በልጅነታቸው፣ በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ ከታወቁት ደርዳሪ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጀመሩ። በኋላም በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጠኑ። ይህን የምጠቅሰው ዘመናዊ ትምህርትና በገና አብረው አይሄዱም የሚሉ ጓደኞች ስላሉን ነው። ከዚያም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ያህል በገና አስተማሩ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን የበገና ድምፅ ከሬዲዮ ጠፋ፤ በትምህርት ቤቱም የበገና ትምህርት ቀረ። መምህሩ በ1972 ዓ.ም. ገደማ ለቀው ፒያሳ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። ሱቅ መክፈት ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ይህንማ ለጉራጌ ልጅ ማን ደፍሮ ይናገራል! ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት እንዚራ ማስተካከል ሊማሩ ይችሉ የነበሩ ልጆች ሳይማሩ አደጉ።

መሣሪያው ግን አልጠፋም። ኢትዮፒክስ ከተባለው የሙዚቃ ስብስብ 11ኛው የአቶ ዓለሙ በገና ነው፤ ዛሬም በአዲስ አበባ በገና የሚያስተምሩ ቤቶች አሉ። ከመካከላችን «ይህ የአንድ ሃይማኖት መሣሪያ ነው፤ የተማሪ ማኅበር ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። እኔ የምለው፣ አውታር መቃኘት የሚማር ሰው የማንንም እምነት አይነካም።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ በገና ገዝቶ፣ አንድ መምህር ለምኖ፣ ከሚመጣው ዐቢይ ጾም በፊት ትምህርት እንዲያስጀምር አሳስባለሁ። ለቦታው አታስቡ፤ ከጽሕፈት ቤታችን አጠገብ ያለው ክፍል ማታ ማታ ባዶ ነው።