የሙሽራ ሽኝት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሽኝት ነው፤ ሙሽራይቱ ከወላጆቿ ቤት ስለምትወጣበት ሽኝት። እንግዲህ ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይደርስ ሰርጉ ሲበዛ፣ ከበሮውና እልልታውም ሰፈሩን በሐሤት ሲሞላው፣ ከደጁ እስከ መኪናው ያለችው አጭር መንገድ ብዙውን ጊዜ በግፊያ ታልፋለች። ታዲያ ፎቶግራፍ አንሺው ምን ያገኛል? የአጃቢ ጀርባ ብቻ።

ሽኝት እንደ ጀበና ቡና ነው። ቡናው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሳይሰክን ከተቀዳ፣ ስኒው ውስጥ የሚገባው አተላ ነው። ሽኝትም እንዲሁ መስከንን ይሻል። ስለዚህ ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው፣ የአባትንና የእናትን ቡራኬ ተቀብለው ሲነሡ፣ ደጃፉ ላይ ጥቂት ይቁሙ። ሚዜዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈሉ። ፈንዲሻውም ያን ጊዜ፣ በአንድ ምልክት፣ ከሁለቱም ወገን ወደ ላይ ይበተን፤ አስቀድሞ በየተራ የተበተነ ፈንዲሻ ለዶሮ እንጂ ለፎቶግራፍ አይሆንም።

ደግሞም የብርሃን ነገር አለ። በቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትመታ የዐይን ጉድጓድ ይጨልማል፤ ነጩም የሐበሻ ቀሚስ ጥልፉ እስኪጠፋ ያንጸባርቃል። የበረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ ግን የፊትን ጸዳል ይጠብቃል።

ምልክት ሰጪውስ ማን ይሁን? በእኔ አስተያየት፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ አክስት ከማናቸውም አስተናባሪ ትሻላለች፤ እርሷ እልል ስትል ሁሉም ይከተላታልና። የሽኝቱን ቅደም ተከተል በዋዜማው ለእርሷና ለፎቶግራፍ አንሺው አብራችሁ ንገሯቸው።