ፈጣኑ መመርመሪያ ያላየው ወባ



ወደ ጉዳዬ የምገባው በራሴ ስሕተት ነው። ጀማሪ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሳለሁ፣ በአንድ ቆላማ ወረዳ፣ ትኩሳት ያንቀጠቀጠውን ሕፃን በፈጣን መመርመሪያ መርምሬ «ወባ የለውም» ብዬ ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን እናቱ አዝላው ተመለሰች። ያን ጊዜ ደሙን በስላይድ ላይ አድርቄ፣ በጊምሳ ቀለም አቅልሜ በማይክሮስኮፕ ብመለከት ፋልሲፓረም ሞልቶበት አገኘሁ።

መመርመሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሌላ ምክንያት እጠረጥራለሁ። መመርመሪያው የሚፈልገው ተውሳኩን ራሱን ሳይሆን ተውሳኩ ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። የዚህ ፕሮቲን ዘረመል የጠፋበት ተውሳክ ግን ሕመምተኛው ውስጥ እንደ ልቡ ይራባል፤ መሥመሩ ግን አይወጣም። ይህ ዓይነቱ ተውሳክ በ2010 እ.ኤ.አ. ከፔሩ ተዘገበ፤ በኋላ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያም ድንበር አካባቢዎች ተገኘ። የሚያሳስበኝ ይህ ብቻ አይደለም። በመመርመሪያው ብቻ ተመርተን ስናክም የሚታየውን ተውሳክ እየገደልን፣ ለማይታየው ቦታ እንለቅለታለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ሰበብ የሚያመልጡት ከ5 በመቶ ሲበልጡ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል። ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም የሚፈልጉ መመርመሪያዎችም አሉ። ይሁን እንጂ ስላይድ አንባቢ ባለሙያ ማሠልጠንን እንደ ጊዜ ያለፈበት ሥራ የሚቆጥሩ ባልደረቦቼን ልከተላቸው አልችልም።

በእኔ ላቦራቶሪ መሥመር ሳይወጣ ሲቀር የሚጻፈው «ኤችአርፒ2 አልታየም» ነው። ትኩሳቱ ካልለቀቀ ስላይዱ በዚያው ቀን ይነበባል።