ስለ ጃፓኖች የአሻንጉሊት ቴአትር



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ ኦሳካ በምትባለው የጃፓን ከተማ ተገኝተን ስላየነው ቡንራኩ ስለተባለው የአሻንጉሊት ቴአትር ጥቂት ቃል ልንነግራችሁ እንወዳለን።

አሻንጉሊት ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው የሕፃናት መጫወቻ ነው። ቡንራኩ ግን የዐዋቂዎች ቴአትር ነው። ታኬሞቶ ጊዳዩ የተባለ ተራኪ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1684 ዓ.ም. በኦሳካ ቤተ ቴአትር ከፈተ፤ ታላቁ ደራሲ ቺካማትሱ ሞንዛኤሞንም ስለ ፍቅርና ስለ ግዴታ ብዙ ድርሰት ጻፈለት። እኛ የገባንበት ብሔራዊ የቡንራኩ ቴአትር የተከፈተው በዚሁ አቈጣጠር በ1984 ነው።

ከተመልካቹ በስተቀኝ ባለው መደብ ላይ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንደኛው ተራኪው ነው፤ መጽሐፉን በአክብሮት ወደ ግንባሩ ካነሣ በኋላ የሽማግሌውንም የወጣቷንም ቃል ብቻውን ይናገራል፥ ያለቅሳል፥ ይሥቃል። ሁለተኛው ሻሚሴን የሚባለውን ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ይመታል። ቋንቋውን የማናውቅ እንግዶች ብንሆንም ሐዘኑና ደስታው ከድምፁ ገባን።

አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል። ዋናው ራሱንና ቀኝ እጁን፥ ሁለተኛው ግራ እጁን፥ ሦስተኛው እግሮቹን ይይዛል። ዋናው ብዙ ጊዜ ፊቱን ገልጦ ሲወጣ፥ ሁለቱ ረዳቶች ጥቁር ለብሰው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። የሴት አሻንጉሊት አብዛኛውን ጊዜ እግር የላትም፤ ረዳቱ የቀሚሷን ጫፍ እያንቀሳቀሰ የምትራመድ ያስመስላታል። ጥቂት እንደ ቆየን ሰዎቹ ከዓይናችን ጠፉ፤ የቀረችው አሻንጉሊቷ ብቻ ነበረች።

የሙያው ሰዎች «ዐሥር ዓመት ለእግር፥ ዐሥር ዓመት ለግራ እጅ» ይላሉ። ወጣቱ ይህን ሁሉ ዘመን ፊቱ ሳይታይ ይሠራል። እርሱ አንድ እርምጃ ቢሳሳት ግን የዋናው ባለሙያ ጥበብ ሁሉ ይበላሻል። ዋናውም ቢሆን የጀመረው እግር በመያዝ ነው። ከ1972 ጀምሮ ወጣቶችን የሚያሠለጥን ትምህርት ተቋቁሟል፤ ነገር ግን ይህን ያህል የሚታገሥ ወጣት ብዙ አይደለም። ዩኔስኮ በ2008 ቡንራኩን በሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል፤ ሆኖም እግር የሚይዝ ካልተገኘ አሻንጉሊቱ አይራመድም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በዛሬው በዓል ስማቸው የሚጠራ ጥቂቶች ናቸው። ወንበሩን የደረደሩ፥ መጋረጃውን የሰፉ፥ ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ ግን ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱም እናጨብጭብላቸው።