በማንኪያ እንለካ፣ «በሞቴ»ን እንቀንስ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በመስተንግዶ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የመስተንግዶ ኮሚቴ ስለ ወጥ ቤት ቢናገር የሚገርማችሁ አይመስለንም። ዛሬ የምናነሣው ግን ስለ ድስትና ስለ ሰሃን ቁጥር አይደለም። ከመካከላችን ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው እህቶች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ ሕመማቸውን ነግረውናል። ሌሎቹ ግን «አልበላም» ማለት ስለሚከብዳቸው ሰበብ እየፈለጉ ከማኅበሩ ቀን ይቀራሉ። ማኅበር የቆመው ለመተጋገዝ ነው። እህታችንን ከመካከላችን የሚያርቃት የገዛ ማዕዳችን ከሆነ ልንነጋገርበት ይገባል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ለጤና ብሎ የቤትን ምግብ መተው አያስፈልግም። ጤናማ ምግብ ሲባል ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ውድ ነገር የሚመስለን አለን። ሽሮው፣ ምስሩና የአተር ክኩ ፕሮቲንና ፋይበር አላቸው፤ ከእንጀራ ጋር ሲበሉ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ጎመን በየጉሊቱ ይገኛል። በብርድ ቀን ትኩስ ሽሮ፣ ለአራስ ገንፎ፣ ለደከመው አጥሚት፣ እነዚህ አንጀት የሚያርሱ ምግቦች ናቸው። ይህን ከልጆቻችን አፍ መንጠቅ አንፈልግም። ችግሩ ያለው ምግቡ ላይ ሳይሆን ከጠርሙሱና ከጨው ዕቃው ሳንለካ የምንጨምረው ላይ ነው።

ከዘይት እንጀምር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል። ከጠርሙሱ በቀጥታ ስናንቆረቁር ስንት ማንኪያ እንደገባ አናውቅም። በጾም ወራት ደግሞ ቅቤው ቀረ ብለን በዘይት እንክሰዋለን፤ የጾም ወጥ ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ የሚቀርብበት ቤት ብዙ ነው። መፍትሔው ከእናቶቻችን እጅ አለ። ቀይ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ በደረቁ ድስት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ በዝግታ ይቁላላል፤ ዘይቱ የሚገባው ኋላ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ ወጡ በትንሽ ዘይትም ይጣፍጣል። ቅቤም ቢሆን መዓዛው ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱና ከበሶብላው ነው። ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ ማንኪያ ጣል ቢደረግበት ቤቱን ያውደዋል። የሚረጋውን የፓልም ዘይት በተመለከተ፣ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ የሚረጋ ስብ ስለሆነ አቅም በፈቀደ መጠን ከፈሳሽ ዘይት ጋር ማፈራረቅ፣ ካልተቻለም መጠኑን መቀነስ ይበጃል።

ወደ ጨው እንለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህ ለወጡ ብቻ አይደለም፤ ዳቦው፣ በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና ከሱቅ የሚገዛው ማጣፈጫ ውስጥ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። በርበሬና ሽሮ ስናስፈጭ ጨው ከጨመርን፣ ድስቱ ላይ ደግመን ከመጨመራችን በፊት እንቅመሰው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ሎሚ የጨውን ጉድለት ይሸፍናሉ። ምላስ ደግሞ ይለምዳል፤ በጥቂት በጥቂቱ ከተቀነሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤተሰቡ አያስተውለውም።

ስኳሩም እንደዚያው ነው። በቀን ከ25 ግራም በታች፣ ማለትም ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ቢሆን የተሻለ እንደሆነ ያው ድርጅት ይመክራል። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ለስላሳውን ሳንቆጥር 9 ደርሷል። ሌላም ነገር አለ፦ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ይቀንሳሉ። በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ያለባቸው ከምግብ ትንሽ አራርቀው ቢጠጡ፣ ምስሩ ላይም ሎሚ ቢጨምቁበት ይጠቅማቸዋል።

ስኳር ላለባቸው እህቶች አንድ ቃል አለን። ጤፍ ብረት አለው ተብሎ እንጀራ እንደልብ አይበላም፤ እንጀራም በሰውነት ውስጥ ስኳር ይሆናል። እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑንና ክኩን ማብዛት ይሻላል። መድኃኒት የምትወስዱ ግን ጾም ከመያዛችሁ ወይም ምግብ ከመዝለላችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ስኳር መውረዱም አደገኛ ነው። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውምና ያልታመምንም ጤና ጣቢያ ሄደን እንለካ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጉርሻ ፍቅር ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» የምንለው እንግዳ ተርቦ እንዳይሄድብን ነው። ነገር ግን ስኳር ያለባት እህት ሦስት ጊዜ «በሞቴ» ስትባል ምርጫዋ ሁለት ነው፤ ወይ ሕመሟን በሰው ፊት ትናገራለች፣ ወይ በልታ ማታ ትታመማለች። ሦስተኛው ምርጫ ከማኅበር መቅረት ነው። እሷን ከዚህ ማውጣት የእኛ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ በማኅበሩ ቀን ቡናውም ሻይውም ያለ ስኳር ይቀዳ፤ ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ፣ የፈለገች ትጨምር። ሁለተኛ፣ ወጡ ለሁላችንም በልኩ ዘይትና ጨው ይሠራ፤ «የበሽተኞች ድስት» ተብሎ ለብቻ አይጣድ። ሦስተኛ፣ አንዲት እህት አንድ ጊዜ «በቃኝ» ካለች ይብቃት፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት አይኑር። ልቅሶ ቤትም ስንሄድ ይህንኑ እንያዝ፤ ኀዘንተኛዋ ምግብ ሳትቀምስ እንዳትውል እናባብላት እንጂ ከአቅሟ በላይ አናስገድዳት።

ሐሳባችሁን ጨምሩበት፣ የጎደለውን ሙሉበት። ከተስማማን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንጀምራለን፤ የቀሩትን እህቶቻችንንም «ነይ፣ ማንም አያስገድድሽም» ብለን እንጠራለን።

ጤናና ፍቅር ከማዕዳችን አይጥፋ።